የዶሮዋ ቀጠሮ

ዕቁቡ የወጣልኝ ቅዳሜ ማታ ነው፤
ደላላው እሑድ ጧት ደወለ፣ ማን እንደነገረው!

«እትዬ ይርገዱ፣ ፒካፕ ነው፣ ግዙፍ ነው፣ ደብል ጋቢና፣
ተራራ ብትጭኚው አይልም ዘመም ቀና፤
ቀለሙን ብታዪ…»
«ቀለሙን ተወውና
በሊትር ስንት ይሄዳል?» አልኩት።
ስልኩ ጸጥ አለ።
ሳለ።
«ይሄዳል» አለ።

ቱሉ ዲምቱ ግርጌ ብሎኬት እሠራለሁ፤
ለጋሪ እከፍላለሁ፣ ለአይሱዙ እከፍላለሁ፣
ማታ ሒሳብ ስዘጋ የሚተርፈኝ አቧራ፣
እሱም ከጫማዬ እንጂ አይደለም ከሥራ።

ሸምሱን ይዤ ሄድኩ።
መካኒክ ነው ሸምሱ፤ ሰው ሲያወራው አይሰማም፣
ሞተር ግን ካሳለ፣ ሁለት ሰፈር አልፎም ሕመሙን አይስትም።

ገላን፣ ባሕር ዛፍ ሥር። ነጭ ነበር አሉ፤
አሁን የአገሩን አፈር ደርቦታል በሙሉ።
መስታወቱ ላይ ልጆች በጣት ጽፈውበታል፦
«ናፍጣ ጠምቶኛል»።

አቶ ሂርጳሳ ወጡ፣ ጎማውን በእግራቸው ነካ አድርገው፦
«በደጉ ቀን ገዛሁት። ያኔ
‹ሙላው› እል ነበር፣ ሳላይ ቆጣሪውን፤
ዛሬ ቆጣሪው ነው የሚያየኝ እኔን።
ለሰርግ አላወጣሁት። ለወንድሜ ለቅሶ እንኳ
በታክሲ ነው የሄድኩት፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሲንኳኳ።»

ሸምሱ ኮፈን ከፈተ፤ ዘይቱን አሸተተ፤ ቀበቶ ሳበ።
«ሞተሩ ጤና ነው» አለ፣ «የታመመው ኪስ ነው።»

እኔ ወደ ኋላ ዞሬ ሸራውን ገለጥኩት።
ዶሮ።
ቀይ ዶሮ፣ ጭድ ላይ፣ አሥራ ሁለት እንቁላል ታቅፋ፣
ባንድ ዓይኗ ገላመጠችኝ፣ አንገቷን ነፍታ ነፍታ፣
ሊብሬው በስሟ የወጣ ይመስል።

«ዘጠኝ ቀን ይቀራታል» አሉ፣
«ከዋጋው እቀንሳለሁ፤ እሷን ግን አላስነሳም።»
ደላላው «ኧረ ጋሼ!» አለ። ጋሼ አልሰሙም።

ቀብድ ጣልኩ። ለዶሮ ቀጠሮ።

በስድስተኛው ማታ፣ ከዜናው መሐል፣
ያ የምናውቀው ቃል፦
«ከዛሬ እኩለ ሌሊት ጀምሮ…»
ቀሪውን ማን ሰማ?
ጄሪካን ሲንኳኳ፣ ሞተር ሲነሳ በዚያ ጨለማ፣
ሰልፉ ከማደያው ወጥቶ እኛ በር ላይ ቆመ፤
አንድ ሹፌር መሪው ላይ ተደፍቶ አለመ።

እኔ በብር አላስብም፣ በብሎኬት ነው የማስበው፦
ትናንት አንድ ሊትር ሦስት ብሎኬት ነበር፣
ዛሬ አራት ተኩል።
ግማሽ ብሎኬት ለማን ይሸጣል?

የእህቴ ልጅ ሳቀብኝ፦ «ኤሌክትሪክ ግዢ፣ እንደ ስልክሽ ሰኪው።»
ልጄ፣ ስልኬም እኮ ጨለማ ውስጥ ነው የሚያድረው፤
ማሽኔ ሲሚንቶ እንደጎረሰ
ስንቴ መብራት ጠፍቶ ቀኔ እዚያው ፈረሰ።

«ቀብዱን አስመልሺ» አለ ደላላው።
ሌሊቱን ደመርኩ፣ ቀነስኩ።
ጋሪው ቢቀር፣ እሱስ መች ይምራል?
ናፍጣ በጨመረ ቁጥር አህያም ይጨምራል፣
ናፍጣ የጠጣ ይመስል።

በዘጠነኛው ቀን ሄድኩ።
አሥራ አንድ ጫጩት ጓሮው ላይ ተበትኗል።
ብሩን ቆጠሩ። ፈረምን።
ቁልፉን ሰጡኝና ማንጠልጠያውን ፈተው አስቀሩት፤
ከቆዳ ነበር፣ በልጅ እጅ የተሰፋ። አልጠየቅሁም።
«ታንከሩ ውስጥ ምን አለ?»
«ሽታው አለ» አሉ።

አሥር ሊትር ይዤ ነበር፣ በቢጫ ጄሪካን፤
ሸምሱ በተቆረጠ ሃይላንድ አንቆረቆረለት፣ እንደ ታመመ ሕፃን።
ባትሪ ተዋስን። ተንተባተበ፣ አጉረመረመ፣ ተነሳ።
ዶሮዋ ቀና ብላ አየች።
ሰውዬው አላዩም፤ ወደ ዛፉ ዞረው ነበር።

በኮረኮንቹ ወጣን፣ ጭዱ ከኋላችን እየበረረ።
ቤት ደርሼ ሳጥኑን ስጠርግ፣ ጥግ ላይ፣ አሥራ ሁለተኛው፣
ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ያልተሰበረው።

ሸምሱ አነሳው።
በጆሮው አስጠጋ፤ ነቅነቅ አደረገ፤ ብዙ ቆየ።
«ይሄኛው» አለ፣ «ሰልፍ ላይ እያለ ነው ያለቀበት።»