የበር ማቆሚያ

የአዳማ ነፋስ እንግዳ አይደለም፤ በር አያንኳኳም፣
በርግዶ ይገባል እንጂ የሰው ደጅ አይጠናም።
ከወንጂው መንገድ ዳር ጋራዤን ስከፍት በማለዳ
በሩን የማስደግፈው በአሮጌ ፖምፓ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት የቆየ ዕዳ።

የማን እንደሆነ ልንገርህ።

ኦቦ ዲንሳ መጣ፣ ሰኔ ሊገባ ሲል፣
ማሲውን እየነዳ፣ ከዴራ በኩል፤
ቀለሙ ከቀይነት ወደ ሸክላነት የሄደ፣
መቀመጫው በማዳበሪያ ጆንያ የተጋረደ።
«ጠዋት» አለኝ «ማረሻውን ያነሳል እንደ ላባ፤
ረፋድ ላይ ይዝላል፣ ዘይቱን ሙቀት ሲያባባ።
ቀትር ላይ ጭራሽ እምቢ ነው፤ ሞተር ባጠፋሁ ቁጥር
እንደ ሰከረ ሰው ክንዱ ይወርዳል ወደ አፈር።»

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ወጣት መካኒክ ደግሞ
መስማት አይወድም፤ ይፈርዳል አስቀድሞ።
«ፖምፓው አልቋል» አልኩት፣ እጄን በጋዝ እየታጠብኩ፤
የዘይቱን መለኪያ እንኳ ስቤ ሳላይ ፈረድኩ።

ሄደ። ቦራ ነበረው፣
ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ጎረቤት ሁሉ የሚመኘው።
ሸጠው።
አዲስ ፖምፓ ይዞ መጣ፣ በጋቢ ጠቅልሎ፣
እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ከአቧራ ከልሎ።

ገጠምኩት። ጠዋት አነሳ።
ቀትር ላይ ተኛ።

ጋሽ ድንበሩን ለመንኩ፤ ጆሮው ከደከመ ቆይቷል፣
ግን ካቻቢቴ በጥርሱ ነክሶ ብረት ያዳምጣል።
አልተቆጣም። ማን እንዲህ እንዳደረገ አልጠየቀኝ።
«ዘይቱ ወተት ቢመስል ውኃ፣ አረፋ ቢደፍቅ አየር ባልኩኝ፤
ይሄ ጤነኛ ነው» አለ። «ወንፊቱን» አለኝ።
ወንፊቱን አወጣሁ። እዚያም ወንጀል የለም።

የክንዱን መንገድ በብሎን ደፍኖ ጌጁን አሰረ፤
በጋለ ዘይት፣ በአዲሱ ፖምፓ፣ ቀስቱ መቶ ሰባ ላይ አደረ።
«አሮጌውን አምጣ።» ገጠምኩ፤ እጄ ዘይት፣ ግንባሬ ላብ።
ቀስቱ ወጣ። እዚያው መቶ ሰባ ላይ ቆመ፣ ያለ አንዳች ሐሳብ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጋሽ ድንበሩ ግን ቀድሞኝ አልፏል፤
የጎኑን ክዳን ፈትቶ፣ ባትሪውን ወደ ውስጥ አብርቷል።
ማረሻው ተንጠልጥሎ ሳለ ከሲሊንደሩ ሥር ዘይት እንደ ክር ይፈስ ነበር፤
መሬት ላይ ጠብታ የለም፤ ወደመጣበት ሆድ ይመለስ ነበር።
አንዲት ቀለበት ጎማ፣ ደርቃ የተሰነጠቀች፤
ጠዋት ዘይቱ ወፍራም ነውና እንደምንም የቻለች፣
ሲግል ግን ይቀጥናል፤
በስንጥቋ ሾልኮ፣ ኃይሉን ይዞ ይሸሻል።

«ስንት ነው?» አለኝ ኦቦ ዲንሳ፣ ጎማዋን በጣቱ እያሳየ።
ከአንድ ብርጭቆ ሻይ አትበልጥም። ምላሴ ግን ዘገየ።
ጋሽ ድንበሩ ፊቱን አዙሮ እጁን በአሸዋ ያሽ ነበር፤
ሲፈልግ የሚደነቁር ጆሮ ነበረው፣ ለእንዲህ ያለው ነገር።
«ፖምፓው» አልኩ፣ «የድሮው... ደህና ነበረ።»

ብዙ ዝም አለ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
«ለእኔስ ነገርከኝ» አለ፣ «ለቦራ ማን ይነግረዋል?»
ከዚያ ማሲው ላይ ወጣ። ማረሻውን አነሳ፣ አወረደ፣ አነሳ፤
ቀትር ነበር።
«አሮጌው አንተ ዘንድ ይቀመጥ» ብሎኝ ተነሳ።

ገዢ መጥቶበታል፤ አልሸጥኩም። ከባድ ነው፣ በሁለት እጅ ነው የማነሳው፤
ነፋሱ እንደ ልቡ ሲሆን እንኳ ንቅንቅ የማይለው።
ኦቦ ዲንሳ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ በዚህ በኩል ጎራ ይላል፤
ፖምፓውን በጫማው ጫፍ ነካ ያደርጋል፣
«አሻም» ይለዋል፣
ቀጥሎ እኔን።