ዝም ያልኩ ዕለት

ከበሩ አጠገብ ነው፣ የእኔ ቦታ ዛሬ፣
ነፋስ በሚገባበት፣ ከሕዝቡ ተደምሬ።
የዕንቆራ በረዶ፣ ትከሻዬን ሲያረጥበው፣
ያኔ ያልተወለደ፣ ዲያቆን ሲያነበው፣
ወንጌሉን በቁራጭ፣ ከሩቅ እሰማለሁ፤
የጎደለውን ቃል፣ በልቤ እሞላለሁ።

ሃያ ሁለት ነበርኩ፣ ጢሜ በቅጡ ሳይጠና፣
የስደቱ ዘመን አልፎ፣ በሩ ተከፍቶ ገና፤
እኔና ጥሮፊሞስ፣ ጎን ለጎን ቆመናል፣
እጁን ሳይጭንብን፣ ጳጳሱ ጠይቋል፦
«እንዲሁ ትኖራለህ፣ ወይስ ታገባለህ?
ሳንሾምህ ንገረን፣ ምን ትመርጣለህ?»

ጥሮፊሞስ ሆዬ፣ እንደ ገበያ ሰው
«አልችልም፣ አገባለሁ!» ብሎ ገላገለው።
ሕዝቡ ሳቀ፤ ጳጳሱም ሳቀ፤ ጸሐፊው ጻፈ።
ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ ዝም አልኩ።

ቅድስና አይደለም፤ እንዲያ እንዳይመስላችሁ፤
ጉሮሮዬ ደርቆ ነው፣ እውነቱን ልንገራችሁ።
እናቴ ከሴቶቹ ረድፍ፣ ዓይኗን ተክላብኝ፣
«ልጄስ መልአክ ነው» ስትል፣ ከንፈሯ ታየኝ።
ዝም ማለት ጨዋነት፣ መስሎኝም ነበረ፤
ጸሐፊው በመቃው፣ ዝምታዬን አሰረ።
«ዝም ብሏል።» ሁለት ቃል። ቀለሙ ቶሎ ደረቀ፤
ያልተናገርኩት ነገር፣ መሐላ ሆኖ ጸደቀ።

በአራተኛው ዓመት፣ የሱፍ ነካሪው ልጅ፣
አሚያ፣ እስከ ክርኗ፣ ሰማያዊ እጅ፣
የመንበሩን ልብስ፣ አጥባ ይዛ መጣች፤
«ይሄ እድፍ አልለቀቀም፤ ወይን ነው ወይስ ዘይት?» አለች።
«ዘይት ነው» አልኳት፣ ወዲያው፣ ሳልውጥ ምራቄን፤
ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፣ መልስ መስጠት መቻሌን።

በቀን ተጋባን። በጓሮ በር አልሄድንም።
ቀኖናው ተነበበ፦ የተናገረ ይቆያል፤
ዝም ብሎ ያገባ ግን፣ ከመዓርጉ ይሻራል።
ጽዋው ከጥሮፊሞስ እጅ፣ ሦስት ልጅ ወልዶም አልወጣ፤
ለእኔ ግን «ይውረድ» የሚል፣ አጭር ቃል መጣ።

ሕጉን አልወቅስም፤ አጥር ነው፣ ለማሳ ይበጃል፤
አራጣ በላ ቄስ አውቃለሁ፣ አጥሩ እሱንም ወግቷል።
ለጣዖት ላጠነው እንኳ፣ ዓመት ተቆጠረለት፣
አልቅሶ አልቅሶ እስኪገባ፣ ደጁ እስኪከፈትለት።
ለእኔ ቆጠራ የለም።
ሞጣሕቴን አጥፌ መለስኩ፤
ያጠበችው አሚያ ነበረች።

ትናንት ሌሊት በበረዶው፣ አውጤኪስ በሬን መታ፤
ነገ ሊሾም ነው። «የቱ ይበልጣል፣ ንግግር ወይስ ዝምታ?
ብቸኝነት ወይስ ትዳር?» አለኝ፣ ጫማውን ሳይፈታ።
ጥቅስ አልሰጠሁትም። ውሃ ቀዳሁለት።
«ጠጣ፤ ነገም ከመሄድህ በፊት ጠጣ» አልኩት።
«ሲጠይቁህ፣ ያለህን በል፤
የሌለህን ዝም አትበልላቸው።»
አሚያ ከውስጥ፣ «ብርድ ነው፤ ካባህን ስጠው» አለች።

ይኸው ያለ ካባ፣ ከበሩ ቆሜያለሁ፤
ጳጳሱ ሲጠይቀው፣ ከንፈሩን ብቻ አያለሁ።
አፉ ተከፈተ።
ነፋሱ ግን ከኋላዬ ነው፤
ከዚህ ሆኖ መልስ አይሰማም።