የቋቱ ልክ

ሁሳቪክ ወደቡ በበረዶ ታስሮ፣
ከጣቢያው ምድር ቤት አንድ መብራት አድሮ፣
ስታይኑን ትቆጥራለች የጠፋውን ጊዜ፣
በእጇ ላይ እርሳስ፣ በፊቷ ትካዜ።

የምድርን ንቅናቄ የሚያዳምጥ ጆሮ
ከዓለቱ ሥር ሆኖ ይልካል ቆጥሮ፤
በሰከንድ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ባይት፣
አይፈጥን፣ አይዘገይ፣ ቀን አይል ሌሊት።
ዲስኩ ግን ሰነፍ ነው፤ እንቅልፍ ይወዳል፤
ሲጠሩት ለመንቃት ሦስት ሰከንድ ይፈጃል።

ትንሽ ቋት ነበረች በሁለቱ መካከል፣
አምስት መቶ አሥራ ሁለት ባይት የምታክል።
ገና ዲስኩ ሳይነቃ፣ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ
ሞልታ ትፈስሳለች በግማሽ ሰከንድ ውስጥ።
የፈሰሰ ባይት ደግሞ አይታፈስም፤
ምድር የተናገረችውን ደግማ አትናገርም።

«እንግዲያው ይስፋ!» አለች፤ ሰፋ እንደ ጎተራ፣
ስልሳ አምስት ሺህ ባይት የሚይዝ በተራ።
ዲስኩ እንቅልፍ ጠገበ፤ ሰላም ሆነ ቤቱ።
ማክሰኞ ግን ነፈሰ፤ ተቆረጠ መብራቱ።
ጎተራው ውስጥ ሆኖ ተራ ሲጠብቅ የቆየ
ሃምሳ አራት ሰከንድ ከመብራት ጋር ተለየ።

ዘበኛው ሆስኩልዱር፣ የጥንት ዓሣ አጥማጅ፣
አንድ እግሩ የሚያነክስ፣ የዝምታ ወዳጅ፣
«ልክ ያን ጊዜ ምድሪቱ ነቅነቅ ብላለች፤
እግሬ ሰምቷታል» አለ። ስታይኑን ዝም አለች።

«ሩኖልፉር የሚሉት ስግብግብ አለቃ
ገንዳ አሠራ ሰፊ፣ የመርከቧን ጫንቃ
የሚያጎብጥ። ከሥር ያለው ዓሣ ይሸታል፤
ጠባብ ገንዳም አየሁ፤ ከላይ ይፈስሳል።
እኔ ሁለት ነበሩኝ፣ ልከኛ ልከኛ፤
አንዱን ስናራግፍ ይሞላል ሁለተኛ።»

አሰላች። ደመሰሰች። ደግማ አሰላች።
አራት ሺህ ዘጠና ስድስት፣ እጥፍ አድርጋ፤
አንዱ ወደ ዲስኩ ሲወርድ ሌላው አፉን ከፍቶ።
ለእንቅልፋሙ ሦስት ሰከንድ ይበቃል፤
ትርፉ ግን ግማሽ ሰከንድ አይሞላም።
መብራት ቢጠፋስ?
ይጠፋል። ሰባት ሰከንድ የማይሞላ ይጠፋል።
ኪሳራ የሌለበት ልክ ፈልጋ አጣች፤
የምትችለውን ኪሳራ መረጠች።

ያን ሌሊት ምድር ምንም አልተናገረች።
መዝገቡ ላይ ብቻ፣ በኮሪደሩ በኩል፣
አንድ ጠንካራ ምት፣ ደካማ ምት ይከተል፣
የሆስኩልዱር እርምጃ፣ የሚያነክሰውም እግር፣
አንዲት ባይት ሳትጎድል፣ እስከ መውጫው በር።