ብቻ

እኔ የምክር ቤቱ እጅ ነኝ፤ አፍ አይደለሁም።
ሠላሳ ሁለት ዓመት ጻፍኩ፤ አንድም ቀን አልተናገርሁም።

ሐምሌ ነው፣ ሰሜን አርጀንቲና። ከአንዲስ የሚወርደው ብርድ
የመስኮቱን መስታወት እንደ ድመት ይቧጭራል፤
ማሞቂያው ከተበላሸ ሁለት ክረምት አልፎታል፣
የጥገናው በጀት ገና በኮሚቴ ይመረመራል።

አጀንዳው ሦስት ነው፦ የመንገድ ግብር፣ የወይን ቀረጥ፣
ሦስተኛው ላይ ስለ ማሕፀን ሊመከር ነው፣ ሊቆረጥ።
የአዋላጅ ጣቢያ በየቀበሌው? ክኒኑ በነጻ ይታደል?
ያላሰበችው ፅንስ ሲመጣ፣ ፈቃዱ የማን ይባል?

ሴናተር ባሬኔቼያ ተነሡ። ድምፃቸው ያምራል፣ አልክድም፤
እናታቸውን ሲጠሩ አለቀሱ፤ ዕንባው የውሸት አይደለም።
ዶክተር ኢርማ ኦልሜዶ መለሱ፣ በመቶኛ፣ በመስመር፣
ልክ ዳቦ እንደሚቆጥር፣ ልክ ጆንያ እንደሚሰፍር።
ለእሳቸው እናት ጽላት ናት፤ ለእኚህኛዋ ሠንጠረዥ።
እኔ መሐል ተቀምጬ ጣቴን አሟሙቃለሁ።

ላይ ሰገነቱ ላይ አረንጓዴ ሻሽ በአንድ ወገን፣ ሰማያዊ ሻሽ በሌላ፤
እኩለ ሌሊት ላይ አንዷ ለአንዷ የፍል ውሃ ፔርሙስ ስታቀብላት አየሁ።
እሱን አልጻፍኩም። የስብሰባው አካል አይደለማ።

ለሳቅ ምልክት አለኝ፣ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ፤
ለጭብጨባ ሁለት ሰረዝ፤ ለጩኸት፣ ጥግ የያዘ
አንድ ነጥብ። ለዝምታ ግን ማንም ምልክት አላስተማረኝ፤
ዝም ስላሉ ሰዎች ደመወዝ አይከፈለኝ።

እህቴን ኤውላሊያን፣ አራት ወልዳ፣ «ከእንግዲህ በቃሽ» ብሎ
የመከራት ሐኪም፣ ክኒን ሳይተውላት ሄደ ሻንጣውን ጠቅልሎ።
አምስተኛው ሲመጣ፣ ፖሶ ሴኮ፣ በየካቲት ጎርፍ መንገዱ ተቆርጦ፣
አምቡላንሱ ከወንዙ ማዶ ቆሞ፣ መብራቱን አብርቶ፣ አፍጦ፣
እሷ ወዲህ፣ በብርድ ልብስ ውስጥ፣ ደሟ ፍራሹን አርሶ፣ ሰምጦ።
ሾፌሩ እጁን አውለበለበ። ምን ያድርግ? ውሃ አይለመን።
መዝገቡ ላይ «በተፈጥሮ ምክንያት» ተባለ።
በተፈጥሮ። እሺ። አሜን።

ወደ ንጋቱ ግድም ሴናተሩ እንደገና ተነሡ።
«የተከበራችሁ» አሉ፣ «ቁጥሩን አናጋንነው፣
ባለፈው ዓመት በወሊድ የሞቱት አሥራ አንድ ብቻ ናቸው።»

አሥራ አንድ ብቻ።
እጄ ጻፈ። እጄ ሎሌ ነው።
አንዱ አሳለው። አንዷ ሰዓቷን አየች። ድምፅ ተሰጠ፤
ሕጉ ሁለት ድምፅ ጎደለውና «ለተጨማሪ ጥናት»
ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ሰመጠ።

ጠዋት ፋኩንዶ መጣ፣ የሴናተሩ ጸሐፊ፣ ጢም እንኳ በቅጡ ያላበቀለ፣
በእጁ ጣፋጭ ይዞ፣ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ።
«ወይዘሮ ኔሊዳ፣ ከቃለ ጉባኤው ‹ብቻ› የምትለዋ ትውጣ።
ትንሽ ቃል እኮ ናት፤ ጋዜጣ ላይ ክፉ መስላ እንዳትወጣ።»

ስንት ቃል አውጥቻለሁ! ስድብ፣ ማዛጋት፣ የሰከረ ተረት፤
የስንቱን አንካሳ ዓረፍተ ነገር ምርኩዝ ሰጥቼ አስኬድኩት።

ይህች ቃል ግን ባለ ሁለት ፊት ናት። በአንዱ ታሳንሳለች፣
በሌላው ሰው አጥታ፣ በሯን ከፍታ፣ ተቀምጣለች።
እሳቸው «አሥራ አንድ ብቻ» ሲሉ፣ ቁጥሩን ነበር ያቀለሉት፤
እኔ የሰማሁት ሌላ ነው፦
አሥራ አንድ፤
ብቻ፤
ብቻ ሆነው የሞቱት።

ሴናተሩ ሳያስቡት እውነት ተናገሩ እንግዲህ፣
እንዴት ብዬ ልፋቀው?

ጡረታዬ መጋቢት ነው። ጣፋጩን መለስኩለት፣
«አባትህ ጥርስ የላቸውም፣ ለእናትህ ውሰድላት» አልኩት።
ማኅተሙን መታሁ።
ገጽ አርባ ሰባት፣ መስመር ዘጠኝ። ቃሏ እዚያው ናት።
ከጎኗ ትንሽ ባዶ ቦታ ትቻለሁ፣
ኤውላሊያ ብትቀመጥበት።