ቆጣሪ

ከስምንት ወር በኋላ ሥራ ተመለስሁ፤
ጃንተከልን አልፌ ቢሮው ደጅ ደረስሁ።
ቁልፉን አውቀዋለሁ፣ መንገዱን አልሳትሁ፣
ምን ልሠራ እንደመጣሁ ግን ደጁ ላይ ረሳሁ።

አለቃዬ ወጣ። ስሙ ነው ይርሳው፤
እናቱ ምን ብላ እንዳወጣች እንጃ፣ አንድም ነገር አይረሳው።
"እንኳን ደህና መጣሽ፤ ድነሻል፤ ተመስገን!
መዝገቡ ያውልሽ፤ ሳሙና በር ነሽ አሁን።
ቀስ በይ" አለኝና፣ ደግሞ ቀስ ብሎ
ሰዓቱን አየና፦ "እስከ ዘጠኝ። ቶሎ።"

ድኛለሁ እንግዲህ። ፀጉሬ በቅሏል፤
ስፌቱን ሸፍኗል፣ ሻሽ ተደርቦበታል።
ምርኩዝ ብይዝ ኖሮ ወንበር ይነሡልኝ ነበር፤
ስንጥቅ እንስራ ግን፣ ውሃ እስኪሞሉበት፣ ደህና ነው ለአገር።

እንዴት እንደወደቅሁ የማውቀው በወሬ ነው፤
ባጃጅ ነው ይላሉ፤ ፍሬኑ እምቢ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ወስዶት ሲያመጣው።
ከዚያ ቀን የቀረኝ አንድ ሎሚ ብቻ፣
ከሰው ዘንቢል ያመለጠ፣ ቢጫ፣
ኮብልስቶኑን ሲዘል፣ ሲዘል፣ ሲዘል፤
ከዚያ ወዲያ ገደል።

ወይዘሮ አንጓች ግቢ፣ ከቆርቆሮ ክዳን ሥር፣
ተንበርክኬ አየሁት፤ ሸረሪት ያደራበት ቁጥር።
አራት፣ ሰባት፣ አንድ፣ ሁለት።
ከመስተዋቱ እስከ ወረቀቱ አንድ ክንድ አይሞላ ርቀት፣
እዚያች መንገድ ላይ ሁለቱ ቀሩ።
ደግሜ አጎነበስሁ፤ አጥርና ሰማይ ዞሩ።
ድሮ ስድሳ ቤት ነበር በቀን የማነብ፣
ከበር እስከ በር ቁጥሩን ይዤ በልብ።

የልጅ ልጃቸው የዝና፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣
"እኔ ልበልልሽ?" አለች፤ ጨዋታ መስሏት፣ እንደ አስተማሪ።
"አራት!" ብላ ቆመች፣ እስክጽፈው።
"ሰባት!" ብላ ቆመች፣ እስክጽፈው።

ወይዘሮ አንጓች ግን ከደጃፉ ቆመው፦
"ውሃ ካየን እኮ ዐሥራ ሁለት ቀን ነው!
ይኼ ምን ይቆጥራል?" አሉኝ ተቆጥተው።
"አየር ነው" አልኋቸው። "ቧንቧው ሲተነፍስ
ጥርሱ ይዞራል፤ ጠብታ ሳይደርስ።"
ይህን ብያቸው ራሴ ደነገጥሁ፤
ስምንት ወር ሙሉ እኔም አየር ቆጠርሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዐሥራ አንድ ቤት።
ይርሳው መዝገቡን ገለጠው፤ ጣቱን አስኬደበት፤
በቀይ አንድ ቁጥር አረመ።
"ዐሥራ አንድ ብቻ?" ሊል ነበር፤ አፉን ገጠመ።
የነገውን ምድብ ግን፣
ያ በቃል ብቻ የሚያዝዝ ሰው፣
በትልልቅ ፊደል ጽፎ፣ አጥፎ፣ መዳፌ ላይ አኖረው።

እኩለ ሌሊት ላይ ቧንቧው ሳለ፣ አጉረመረመ፤
ከአንገረብ የተላከው ገና አሁን ጎንደር ከረመ።
ጀሪካን ደርድሬ ልቆጥር ጀመርሁ፦ አንድ፣ ሁለት፣
ሦስት... የት ላይ ነበርሁ? አላወቅሁት።
ጀሪካኑ ግን የእኔን ቁጥር አልጠበቀ፤
ሞልቶ፣ አፉን አልፎ፣ ባዶ እግሬ ላይ ወደቀ።