የአስታዋሹ ቃል

ክረምት ነበር ደሴ፤ ጉም ከጦሳ ወርዶ ወደ ላይ ሳይመለስ፣
ሕዝብ ከነካፖርቱ ገብቶ ሲቀመጥ፣ አግዳሚው ሲላቀስ፣
እኔ ከመጋረጃው ጀርባ፣ በርጩማ ላይ፣ ባትሪ ጨብጬ፣
ቃል ለጠፋው ተዋናይ ቃል አቀብል ነበር፣ በሹክታ መርጬ።

ጦይባ ሙሔ ነበረች ንግሥቲቱ፤
ቀን የቀበሌያችን ማኅተም ያዥ፣ ማታ ዘውድ ደፊቱ።
ዘውዱ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ነው፣ ቢጫ የተቀባ፤
ማኅተሙ ግን እውነት ነው፤ ከኪሷ በወጣ ቁጥር ሰው የሚያስገባ።
«አብሽር፣ ቃሌን አልረሳም» ትለኝ ነበር ቀሚሷን እየሰበሰበች፤
እውነቷን ነው፤ አሥር ምሽት ሙሉ አንድም አልረሳች።

ታሪኩ የጥንት ነው፤ ንጉሥ በወንድሙ ላይ ሞት ሊፈርድ ይቃጣል፣
ቀለበቱን ወደ ሰሙ ያስጠጋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል።
ያኔ እሷ ትነሣለች። ጣቱን ትይዛለች።
«ሴት የላከው ጅብ አይፈራም» ይላል አሽከሩ፤ ሕዝቡ ይስቃል፤
እሷ ግን ቀለበቱን አውልቃ
ታትማለች።

አዳራሹ ዝም። የቆርቆሮው ዝናብ እንኳ ዝም።
እኛ ወንዶቹ፣ ከጀርባ የቆምነው፣ ደስ ይለን ነበር፣ አልዋሽም፤
ኃጢአት ባለቤት ሲያገኝ፣ ባለ ቀሚስ፣
የእኛ እጅ አይቆሽሽም።

በሦስተኛው ገቢር የሟቹ ፈረስ ያለ ጌታው ይመጣል፣ በየሌሊቱ፤
ኮቴው እኔ ነበርኩ፣ በሁለት ባዶ ጣሳ፤
ገብስ ይዛ ትወጣለች ንግሥቲቱ።
ፈረሱ አይበላም።
«ብላ» ትለዋለች፣ «ብላ እንጂ፤ ያተምኩት እኔ፣ አንተ ምን በደልህ?»
ከዚያ ትወድቃለች። መጋረጃ። ጭብጨባ። ወደ ቤት።

አሥራ አንደኛው ምሽት፣ ቅዳሜ፣
ጣሳዬን መታሁ፤ ኮቴው መጣ፤ ገብሱን ይዛ ቆመች።
«ብላ» አላለችም።
ባትሪዬን አበራሁ፣ ሹክ አልኩ፦ «ብላ...»
አፏ እንደተከፈተ ቀረ።
«ብላ እንጂ...» ሹክታዬ የፊት ወንበር ደረሰ፤ አንድ ልጅ ሳቀ።
እሷ አውራ ጣቷን ታያለች፤
ከጥፍሯ ሥር የማኅተም ቀለም፣ ወይን ጠጅ፣ የትናንት።
ከዚያ በጽሑፉ የሌለ ቃል ተናገረች፣ እንደ ተራ ወሬ፣ ቀስ ብላ፦
«የከድር እናት በር ላይ ቆማለች።
ስንቅ ይዛ።
ሦስት ወር።
ልጅሽ ከእንግዲህ አይበላም ብዬ አልነገርኳትም።»

ሕዝቡ ቴያትር መሰለው። አጨበጨበ።
ከአራተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ብቻ ተነሥታ ወጣች፤
የላስቲክ ጫማዋ በጣውላው ላይ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣
እኔ ያልመታሁት ኮቴ።

አሁን ልናገረው፣ ጥርሴም ረግፏል፣ ጡረታዬም ትንሽ ናት፦
የከድርን ወረቀት ሊቀ መንበሩ በቃል ተናገረው፤
እኔ በታይፕ መታሁት፣ ከነካርቦኑ፣ አንድ ፊደል ሳልስት፤
ጦይባ አተመችበት።
ሦስት ነበርን።
ዘመን ሲገለበጥ ግን ከተማው የቆጠረው አንዲት፤
«ያቺ ማኅተሟ» አሉ፣ «ያቺ ጨካኝ»፣
የሊቀ መንበሩ ስም ጠፋ፣ የእኔ ከነጭራሹ አልተነሣም፤
ጸሐፊ፣ ይላሉ፣ የታዘዘውን እንጂ ምን አለበት ጣጣ!

ንጹሕ ነበረች አልልም። እጇ ጠንካራ ነበር፤ ማተሙንም ወዳው ነበር፤
ሽማግሌ ከደጇ ቆሞ ሲለምን አይቻታለሁ፣ ቀና ስትል፣ አንገቷ ሲያምር።
ግን ከሦስታችን
ገብስ ይዞ የወጣ
እሷ ብቻ።

ሐይቅ ዳር ዓሣ ትሸጣለች ይላሉ። ሄጄ አላየሁም።
እዚህ ሸዋ በር፣ ዝናብ ቆርቆሮዬን ሲመታ፣
ኮቴ ይመጣል እስከ ደጄ፣ ይቆማል፣ ይተነፍሳል።
የምለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ ስንት ሌሊት ለሌላ ሰው ሹክ ብየዋለሁ።
አፌን እከፍታለሁ።
ከመጋረጃው ጀርባ ግን
ማንም የለ።