ችካል ቁጥር አርባ ሦስት

መብራት ሄዷል። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤
ሻማው ከካርታው ጥግ ሰም ያንጠባጥባል።
ጠረጴዛዬ ላይ ጅማ ተዘርግታ፣
ዛሬን ሳይሆን የዛሬ ሠላሳ ዓመትን ለብሳ ተኝታ፤
ቀዩ ለገበያ፣ ቢጫው ለመኖሪያ፣
ሐምራዊው ለፋብሪካ፣ ለመኪና ማደሪያ፤
ለእኔ የቀረችኝ አንዲት እርሳስ፣ አጭር፣
በጥርሴ የበላኋት፣ አረንጓዴ ነገር።

ሳምንቱን ሙሉ፣ ከአዌቱ ዳር እስከ ቦዬ ማጥ፣
እኔና ነዚፍ ሜትር ስንጎትት፣ ችካል ስንቀጠቅጥ፣
ጉማሬ ያለፈበት ሣር ገና እንደተኛ ቀርቶ፣
ትንፋሹም ያለ ይመስል ጭጋጉ ላይ ተኝቶ።
ችካል ቁጥር አርባ ሦስት ግን መሬት ሳይነካ፣
አዴ ሲቲና አባ ገሮ ከበቆሏቸው ወጥተው፣
«ምን ሊቆም ነው» አሉኝ፣ «ይሄ ሁሉ ሲለካ?»

«ምንም አይቆምም» አልኳቸው። «ምንም እንዳይቆም ነው።»
ሳቁ። «ለምንም ነው እንዴ ይህን ያህል ሰው?»
«እዚህ ላይ» አልኩ፣ «ወደፊት፣ ከተማው ሲሰፋ፣
ሕንፃው ኪቶን አልፎ ሰማይ ከዓይን ሲጠፋ፣
ልጆች ይሮጣሉ፤ የደከመው ይቀመጣል፤
ክረምት የሞላው ውሃ ቤት ሳይገባ እዚህ ያርፋል።»

ብዙ አሰቡ። በያዙት እሸት ላይ ጣታቸው ዞረ።
«ታዲያ» አሉ፣ «ልጆቹም እዚሁ ሲሮጡ፣
ውሃውም እዚሁ ሲያርፍ አይደል የነበረ?»

ሌላ አልጨመሩም። እሸት ሰጡን፤ ለነዚፍ ሁለት፣ ለእኔ አንድ፤
ችካሉ ከእጄ ሳይወርድ ቆምኩ እንደ ሩቅ ዘመድ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ፤ ለማንም ያልነገርኩት፤
ከሳቸው ማሳ በላይ አንድ ጥግ አለ ያልቀባሁት፤
መቶ አርባ ካሬ። የማኅበር ቦታዬ። ስምንት ዓመት የቆጠብኩለት፣
ሚስቴ ለሌለው መስኮት መጋረጃ የገዛችለት።
እርሳሷ እስከ ጥጉ ትደርስና ትቆማለች፣
እንደ በቅሎ ከድልድይ አፍ ጆሮዋን ታቀናለች።

ላጲሱ ቅርብ ነው። መሥመር ማጠፍ ቀላል፤
አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ፤ ማን ያስተውላል?
ጠዋት ኃላፊው ያያል፣ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል፤
ጉማሬ አይከስ፤ ያልተወለደ ዝም ይላል።

ግን ውሃ ካርታ አያነብም፤ የድሮ መንገዱን አይረሳም፤
አምና ጎረቤቴ ቤት ሲገባ በር አላንኳኳም።

የመግለጫው ሠንጠረዥ ላይ «የታቀደ መናፈሻ» የሚለውን ሰርዤ፣
«ነባር» ብዬ ጻፍኩበት፣ የእሸቱን ቆረቆንዳ በኪሴ ይዤ።
ከዚያ የእኔን ጥግ።
ቀባሁት።
ስስ አድርጌ ግን፤ ላጲስ እንዲያስለቅቀው፤
እጄን አውቀዋለሁ፤ ልቤን ነው የማላውቀው።

ሻማው አለቀ። ዝናቡ ከጅሬን እስከ ቦዬ በጨለማ ይለካል፤
ነገ ሚስቴ መጋረጃውን ዘርግታ ትጠይቀኛለች፤
«ለመስኮታችን ይበቃል?»